ማይክሮ አልጌን ከውኃ መለየት፦ አሉም፣ ኖራ፣ ሽፈራው ወይስ ጨርቅ?

ገላን_ዶሮ (ሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ። ገላን አካባቢ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አረባለሁ። የዶሮው ኩስ ወደ ባዮጋዝ ማብላያ ይገባል። ከማብላያው የሚወጣውን ዝቃጭ በጉድጓድ ውኃ አቅጥኜ፣ በጂኦሜምብሬን (ውኃ በማያስገባ ወፍራም ላስቲክ) በተነጠፈ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ (በዓይን የማይታይ ደቃቅ የውኃ ተክል) አሳድግበታለሁ። በማይክሮስኮፕ ያየልኝ ሰው አብዛኛው ክሎሬላ ነው፣ ጥቂት ሴኔዴስመስም አለበት ብሎኛል።

ማሳደጉ አላስቸገረኝም፤ ያቃተኝ ማውጣቱ ነው። በአቡጀዲ ሳጠልለው አረንጓዴው ሁሉ ከውኃው ጋር ያልፋል። ጨርቁን ስደርበው መጀመሪያ ጥቂት ያስቀራል፤ ወዲያው ይደፈንና ውኃውም ማለፍ ይተዋል። ከዚያ ለውኃ ማጣሪያ የሚሸጠውን አሉም (የአሉሚኒየም ጨው) ገዛሁ። ከኩሬው 2,000 ሊትር ወደ ሮቶ ስቤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ አሉሙን ፈጭቼ በተንኩበት። ጥቂቱ ጓል ሠራ፤ ግን እንደመዝቀጥ ላይ ተንሳፈፈ። የቀረው ውኃ እንደ አረንጓዴ ቀለም ሆኖ ቀረ። አሉም ብጨምርበትም ለውጥ የለም።

ሐሳቤ አልጌውን ከዶሮዎቼ መኖ ጋር መቀላቀል፣ የተረፈውን ዓሣ ለሚያረባ ጎረቤቴ መስጠት ነው። ሴንትሪፊውጅ የሚባለውን፣ በኃይል አሽከርክሮ የሚለየውን ማሽን ዋጋ ጠይቄ አቅሜ እንደማይችለው አይቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ውኃ_አጣሪ (ሰኞ ማታ)

ልጄ፣ ዕድሜዬን በውኃ ማጣሪያ ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሉሙ ደህና ነው፤ ያልተስማማው ሰዓቱ ነው።

አልጌ ለምን በራሱ እንደማይዘቅጥ ካወቅህ ሌላው ይቀልልሃል። አንደኛ፣ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ክሎሬላ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው። የለገዳዲ ውኃ በክረምት የሚይዘው ጭቃ የድንጋይ ብናኝ ስለሆነ ከውኃ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። አልጌ ግን ክብደቱ ከውኃ እምብዛም አይበልጥም፤ በረጋ ውኃ ውስጥ ለብቻው ቢተው በቀን የሚወርደው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሙል ስለተሸከሙ ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ አይጣበቁም። አሉም አወንታዊ ሙል ይዞ ገብቶ መገፋፋቱን ያጠፋዋል፤ ራሱም ጓል እየሠራ ሲወርድ ያገኘውን ጠራርጎ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ከተጣበቁ በኋላ የጓሉ ስፋት 10 እጥፍ ሲያድግ የመውረድ ፍጥነቱ እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። አሉም ደህና አድርጎ የሚሠራው ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) ከ6 እስከ 7.5 ባለው ክልል ነው። አልጌ ፀሐይ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ስለሚመጥ ፒኤቹ እየወጣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጥሩ አረንጓዴ ኩሬ 10 ሊደርስ ይችላል። በዚያ ፒኤች አሉሚኒየም ጓል መሥራቱን ትቶ ይሟሟል። ያንተ አሉም የገባው ወደዚያ ውኃ ነው። ሌሊት አልጌው በተራው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመልስ ንጋት ላይ ፒኤቹ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። በአሉም የምትሠራ ከሆነ ፀሐይ ሳትወጣ ሳብ።

መንሳፈፉም ከዚሁ ይመጣል። በቀትር የተሳበ ውኃ ከሚችለው በላይ ኦክስጅን የተሸከመ ነው፤ ጥቃቅን አረፋዎች ከጓሉ ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ያነሡታል። ጠዋት ላይ ይህ ችግር የለም።

ሌላው፣ አሉምን ደረቁን አትበትነው። 10 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ አሟሟ። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር የአልጌ ውኃ ላይ ስትጨምር 100 ሚሊ ግራም በሊትር ሰጠኸው ማለት ነው። በስድስት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ውስጥ አንዳንድ ሊትር የአልጌ ውኃ ሙላ፤ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ሲሪንጅ 0፣ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25 ሚሊ ሊትር ጨምር። ለአንድ ደቂቃ በኃይል ካማሰልክ በኋላ ለሩብ ሰዓት ቀስ ብለህ አዙር፤ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት አስቀምጥ። ኃይለኛው ማማሰል አሉሙን ያዳርሳል፤ ቀስታው ጓሉን ያሳድጋል። ቀስ ማለት ሲገባህ ከቸኮልክ የሠራኸውን ጓል ራስህ ትሰብረዋለህ። ከመጠን በላይ ማብዛትም ጉዳት አለው፤ ሕዋሱ በአወንታዊ ሙል ይሸፈንና መገፋፋቱ እንደገና ይጀምራል። በጣቢያም ቢሆን ውኃው በተለወጠ ቁጥር ይህን የጠርሙስ ሙከራ ሳንሠራ መጠን አንወስንም ነበር።

የዶሮ_ሐኪም (ማክሰኞ ጠዋት)

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ የመጠጥ ውኃ ለሚያጣራ ሰው። በመጠጥ ውኃ ሥራ የዘቀጠው ይጣላል፣ ከላይ ያለው ይጠጣል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚበላው የዘቀጠው ነው፤ የገባው አሉሚኒየምም አብዛኛው ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ወንድሜ፣ በአሉም የረጋ አልጌ ለዶሮ አትስጥ። አሉሚኒየም በአንጀት ውስጥ ፎስፈረስን ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በመኖ ውስጥ ሲበዛ ዶሮዋ ከስታ እንቁላል ትቀንሳለች፤ አጥንቷም ይዳከማል። አስቀድመህ ልትጠይቅ የሚገባህ አልጌውን ማን እንደሚበላው ነው። መልሱ ዶሮ ወይም ዓሣ ከሆነ አሉምን ከዝርዝሩ አውጣው።

ውኃ_አጣሪ (ማክሰኞ ጠዋት)

ዶክተር፣ እውነትዎን ነው። እኔ ያየሁት ከውኃው በኩል ነበር። ለመኖ ከሆነ አሉም ይቅር።

ገላን_ዶሮ (ማክሰኞ ቀን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ሰዓቱ የነገሩኝ እስከ ዛሬ ማንም ያልነገረኝ ነው። ታዲያ አሉም ከቀረ በምን ላርጋው? ኖራ ይሆናል የሚል ሰምቻለሁ።

የአቃቂ_ኬሚስት (ማክሰኞ ማታ)

ኖራ ይሆናል። አሠራሩ ግን ከአሉም ፍጹም የተለየ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ውኃ ውስጥ ይጨምራል።

ኖራ ራሱ አልጌውን አያጣብቀውም። ፒኤቹን ከ10.5 በላይ ሲያወጣው በውኃው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ወደ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ይህ ነጭ ዝቃጭ አወንታዊ ሙል አለው፤ አልጌውን አቅፎ የሚወርደው እርሱ ነው። ስለዚህ ውኃህ ማግኒዚየም ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ አይፈልግም፣ በሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ይበቃል። የጉድጓድ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያጣም። የዝናብ ውኃ ለሚጠቀም ሰው ግን ኖራ ብቻውን ላይሠራ ይችላል፤ ትንሽ ማግኒዚየም ሰልፌት መጨመር አለበት። ከዚህ በተጨማሪ የባዮጋዝ ዝቃጭህ ፎስፌት አለበት። ፎስፌት በበዛበት ውኃ ካልሲየም ፎስፌት ቀደም ብሎ፣ ፒኤች 9 አካባቢ ጓል መሥራት ይጀምራል። ይህም ያግዝሃል።

ከእኛ አካባቢ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ብዙ ኖራ ይበላል። የምትጨምረው ኖራ መጀመሪያ ባይካርቦኔቱን ጨርሶ ነው ፒኤቹን የሚያወጣው። እዚህ ላይ የጋሼ ሰዓት ይገለበጣል። ለአሉም ጠዋት ጥሩ ነበር፤ ለኖራ ግን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። አልጌው ቀኑን ሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመጥ ውሎ ፒኤቹን አስቀድሞ አውጥቶልሃል፤ ኖራው የሚሠራው የቀረውን ብቻ ነው። አረፋው እንዳያስቸግርህ ውኃውን ወደ ሮቶ ከሳብክ በኋላ ክዳኑን ዝጋና ጨለማ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠው፤ ከዚያ ኖራውን ጨምር። ከዚህ በላይ ካቆየኸው አልጌው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየመለሰ ያተረፍከውን ፒኤች ይበላብሃል።

ኖራ ስትገዛ ተጠንቀቅ። ጄሶ አይሆንም፤ ፒኤች አያወጣም። ለግድግዳ ቅብ በኖራ ስም ከሚሸጠው ውስጥም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ብቻ የሆነ አለ፤ እርሱም አይረባም። መለያው ቀላል ነው፤ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ በጥብጠህ የፒኤች ወረቀት ንከርበት። 12 አካባቢ ካላሳየህ ለሻጩ መልስለት። 50 ግራም ደህናውን ኖራ በ1 ሊትር በጥብጥና ከዚህ በየጠርሙሱ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 ሚሊ ሊትር ሞክር፤ ከ200 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ነው። እየቀዳህ በጥብጠው፣ ቶሎ ይዘቅጣል። ዓይንህን በመነጽር፣ እጅህን በጓንት ሸፍን፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል።

ሽፈራው_ወዳድ (ማክሰኞ ማታ)

ሁላችሁም ስለ ኬሚካል ብቻ ታወራላችሁ። የሽፈራው ፍሬስ? በሱዳን ያሉ ሴቶች የዓባይን ድፍርስ ውኃ በተፈጨ የሞሪንጋ ፍሬ ሲያጠሩ ኖረዋል። እኛም ከኮንሶ ጀምሮ የራሳችን ሽፈራው አለን። አሉሚኒየም የለበትም፣ ፒኤች አይነካም። ለምን ወደ ሌላ እንሄዳለን?

የአቃቂ_ኬሚስት (ረቡዕ ጠዋት)

ወንድሜ፣ ሽፈራውን አልናቅሁም። በፍሬው ውስጥ አወንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲን አለ፤ አልጌንም ያረጋል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ቺቶሳን የሚባለውን ሌላ ማርጊያ ብትወስድ በሊትር ከ10 እስከ 100 ሚሊ ግራም ይበቃዋል፤ የሽፈራው ዱቄት ግን ለክሎሬላ በሊትር እስከ 1 ግራም ሊፈልግ ይችላል። የገላኑ ወንድማችን ኩሬ በሊትር ግማሽ ግራም ደረቅ አልጌ ቢኖረው ነው። ግማሽ ግራም ለመሰብሰብ 1 ግራም የሽፈራው ዱቄት ከጨመረ የሚሰበስበው በአብዛኛው ሽፈራው ነው። ፍሬው ለዘርም ለዘይትም ዋጋ አለው፤ ለአንድ ሮቶ 2 ኪሎ ከየት ይመጣል?

ዛፉ ግቢህ ውስጥ ካለ ግን የሚያሻሽል ዘዴ አለ። ዘይቱን መጀመሪያ ጨምቀህ አውጣ፤ ከዚያ ዱቄቱን በተራ ውኃ ሳይሆን በጨው ውኃ በጥብጠህ አጥልል። ጨው ብዙ ፕሮቲን ስለሚያወጣ የሚያስፈልገው ዱቄት ይቀንሳል። ጉዳቱ ፈሳሹ ብዙ ሌላ ነገር ወደ ውኃው ይዞ መግባቱ ነው፤ ውኃውን ወደ ኩሬው ስትመልስ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ይሸታል።

ቺቶሳን ያነሣሁት በጥቂት መጠን ስለሚሠራ ነው። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ይሠራል፤ በአቼቶ ይሟሟል። ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለዶሮ መኖ ዋጋው አያዋጣም።

ቢሾፍቱ_ሐይቅ_ዳር (ረቡዕ ቀን)

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ጨርቅ የሚያስቀረው አልጌ ብታሳድግ ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ ነበር። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ እንደ ስፕሪንግ ሽቦ የተጠመዘዘ ረጅም ክር ነው፤ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ያስቀረዋል። በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ የካነምቡ ሴቶች ያለ አንዳች ኬሚካል ሰብስበው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው ዲሄ የሚሉትን ምግብ ይሠራሉ። እዚሁ ቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅ፣ ከሻላ ሐይቅ ጎንም ጭቱ ሐይቅ በዚሁ በስፒሩሊና ነው የሚታወቁት። ፍላሚንጎዎቹም የሚመጡት እርሱን ፍለጋ ነው።

የአቃቂ_ኬሚስት (ረቡዕ ቀን)

እውነት ነው፤ ለሰው ምግብ ከሆነ እኔም ስፒሩሊናን እመርጣለሁ። ግን ስፒሩሊና 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና በሶዳ የበለጸገ ውኃ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ኩሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የምናውቀው ነው። ያለ ግሪንሃውስ ቀኑን እየሞቀ ሌሊቱን እየቆመ ነው የሚያድገው። በባዮጋዝ ዝቃጭ ላይ ያደገ ስፒሩሊናንም ለሰው አልሰጥም። የገላኑ ወንድማችን ብርድ የሚችለውን ክሎሬላ ማሳደጉ ለቦታው ትክክል ነው።

ሰበታ_ኩሬ (ረቡዕ ማታ)

ሰበታ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) አረባለሁ፤ ለጫጩቶቹ አረንጓዴ ውኃ ማሳደግ የዕለት ሥራዬ ነው። አንድ ነገር ሳይነሣ አለፈ፤ አልጌውን ራሱን እንዲዘቅጥ ማልመድ ይቻላል።

ሴኔዴስመስ አለበት ብለሃል። እርሱ አራትም ስምንትም ሆኖ ተያይዞ ስለሚያድግ ከክሎሬላ ይልቅ ይዘቅጣል። እኔ ማታ ማታ ውኃውን በጥላ ሥር ባለ ገንዳ አስቀምጥና ጠዋት ከታች የተጠራቀመውን እቀዳለሁ። ከዚያም ከዘቀጠው ጥቂቱን ሁልጊዜ ወደ ኩሬው እመልሳለሁ፤ ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ደግሞ ወደ አትክልት መስኖ እለቀዋለሁ። እንዲህ ሲደረግ ኩሬው ውስጥ የሚበዛው ቀስ በቀስ የሚዘቅጠው ዘር ይሆናል። ሳምንታት ይወስዳል፤ ግን ወጪ የለውም። ከሆነልህ ኖራው የሚያስፈልግህ ለቀሪው ብቻ ነው።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ኖራ የገባበትን ውኃ ወደ ጎረቤትህ የዓሣ ኩሬ እንዳትለቅ። የባዮጋዝ ዝቃጭ አሞኒየም አለበት። ፒኤች 9.25 ሲደርስ ግማሹ ዓሣ ወደሚገድለው አሞኒያ ይለወጣል፤ 11 ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም። ሮቶውን ስትከፍት አፍንጫህን የሚቆነጥጥህ እርሱ ነው። ዓሣው የሚፈልገው የዘቀጠውን አልጌ እንጂ ውኃውን አይደለም፤ አልጌውም ቢሆን በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ነው የሚሰጠው።

አዲስ_አባል (ሐሙስ ጠዋት)

እኛ ከአቃቂ ወንዝ ዳር ነን። የወንዙ ውኃ ለአልጌ ማዳበሪያ ስላለው ያለ ወጪ ያሳድጋል ብለን አስበናል። ይህ የኖራ ዘዴ ለዚያም ይሠራል?

የዶሮ_ሐኪም (ሐሙስ ጠዋት)

ይሠራል፤ ግን የተሰበሰበው ወደ ማንም አፍ መግባት የለበትም። በወንዙ ላይ የፋብሪካዎችና የቆዳ ማልፊያዎች ፍሳሽ አለ፣ ክሮሚየምም አለ። አልጌ ብረታ ብረትን ከውኃ እየለቀመ በላዩ ላይ ያከማቻል፤ ለዚህ ብለው ፍሳሽ ለማጣራት የሚያሳድጉት አሉ። ያንን ለዶሮ ማብላት መርዙን አጠናቅሮ በእንቁላል በኩል ለልጆቻችን መመለስ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ወንዙ ይጽዳ የምትሉ ከሆነ ሌላ የውይይት ርዕስ ክፈቱ፤ በደስታ እሳተፋለሁ።

ገላን_ዶሮ (ቅዳሜ ማታ)

የጠርሙስ ሙከራውን በኖራ ሠራሁት፤ ጠዋት በተሳበ ውኃም፣ ከሰዓት በኋላ በተሳበም። እህታችን ኬሚስቷ እንዳለችው ነው፤ የከሰዓቱ ውኃ የጠዋቱን ኖራ ግማሽ ያህል ነው የፈለገው። የፒኤች ወረቀቱ 11 አካባቢ ሲያሳይ ነገሩ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ውኃው ደመና የገባበት ይመስላል። ቀስ ብዬ ሳዞር አረንጓዴው እየተሰበሰበ የስንዴ ቅንጬ የሚያህል ጓል ይሆናል፤ በመካከሉ ጥርት ያለ ውኃ ይከፈታል። ማዞሬን ሳቆም ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ መውረድ ይጀምራል፤ በጠርሙሱ ላይ በአረንጓዴውና በጥሩው መካከል ያለው መስመር ሲወርድ ይታየኛል። ኖራው ባነሰበት ጠርሙስ ግን ታች ጥቂት ነጭ ዱቄት ቀርቷል፤ ላዩ እንዳለ አረንጓዴ ነው።

ሮቶውን በዚሁ መጠን ሠራሁት፤ ቢጫማ ጥሩ ውኃ ከላይ ቀረ፣ ከታች ወፍራም አረንጓዴ። ታች ያለውን በአቡጀዲ ከረጢት አንጠለጠልኩት፤ ጓል ስለሆነ አሁን ጨርቁ ያዘው። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ከላይ የቀረውን ውኃ ምን ላድርገው? በክረምት በምን ላድርቀው? በመኖውስ ስንት ልጨምር?

የአቃቂ_ኬሚስት (ቅዳሜ ማታ)

ደስ ብሎኛል! ስሌቱን እንድትይዘው፦ በሊትር ግማሽ ግራም ካለ 2,000 ሊትር የሚሰጥህ 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ነው። ዝቃጩ 2 በመቶ ጠጣር ቢሆን 50 ሊትር ይሆናል፤ ከረጢቱ 10 በመቶ ካደረሰው 10 ኪሎ ያህል ሊጥ ትይዛለህ። የኖራው ዝቃጭ ክብደት ከዚህ በላይ የሚመጣ ነው። 2,000 ሊትርን ወደ 50 ማውረዱ ነው ትልቁ ድካም፤ እርሱን ጨርሰሃል።

የላዩን ውኃ ወደ አልጌው ኩሬ መልሰው፤ ግን ወዲያው አይሁን። ሰፋ ባለ ገንዳ ለአንድ ሁለት ቀን ክፍት ተወውና አልፎ አልፎ አማስለው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ፒኤቹ ይወርዳል። አሞኒያውም በከፊል ይወጣል፤ ያ ለአልጌው ናይትሮጅን ስለሆነ በሚቀጥለው ዙር የባዮጋዝ ዝቃጭ ትንሽ መጨመር ይኖርብሃል።

ሰበታ_ኩሬ (እሑድ ጠዋት)

ለክረምት ማድረቂያ ከፈለግህ ጥቁር ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ላዩ በግልጽ ላስቲክ ተሸፍኖ ሁለቱም ጫፉ ለንፋስ ክፍት የሆነ ቆጥ ሥራ። ሊጡን ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አታወፍረው፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ግን እኔ አላደርቅም፤ እርጥቡን በዕለቱ ለዓሣው እሰጣለሁ፤ ለዶሮም ከመኖው ጋር ታሽቶ በዕለቱ ማለቅ አለበት። ያደረ እርጥብ አልጌ አታብላ።

የዶሮ_ሐኪም (እሑድ ቀን)

ስለ መኖው፦ ከጠቅላላው ከ5 በመቶ አትለፍ፤ ከዚያ በታች ጀምር። የክሎሬላ ሕዋስ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ጥሬውን ዶሮ በደንብ አትፈጨውም። ከመድረቁ በፊት ሊጡን ብታፈላው ሁለት ጥቅም አለው፤ ግድግዳው ይላላል፣ ከዶሮ ኩስ የመጣ ሳልሞኔላም ይሞታል። ኖራው ራሱ ጀርም ይቀንሳል፤ እኔ ግን በእርሱ ብቻ ተማምኜ ከኩስ የመጣን ነገር ለዶሮ አልመልስም። መፍላቱን ግዴታ አድርገው። የአስኳሉ ቀለም እየደመቀ ሲሄድ ታየዋለህ፤ በአልጌው ውስጥ ካለው ካሮቲኖይድ ከሚባል ቀለም ነው።

ኖራው ካልሲየም ስለሆነ ለእንቁላል ጣይ አይከፋም፤ ቀድሞውንም መኖዋ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይፈልጋል። ነገር ግን በሒሳብ ውስጥ ይግባ። ከአልጌው የሚገባውን ያህል ከኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ቀንስ፤ ለጫጩትና ለታዳጊ ዶሮ ደግሞ ይህን አልጌ አትስጥ፤ ለነርሱ ይህ ካልሲየም ይበዛባቸዋል፣ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የመጀመሪያውን ምርት አንድ ኪሎ አድርቀህ ለመኖ ምርመራ ላከው፤ አመዱንና ካልሲየሙን ካወቅን ቀመሩን እዚሁ አብረን እናወጣዋለን።